ፎርኤቨር ቼንጅስ ለምን አይሰለችም? (ላቭ፣ 1967)

የሸክላው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ መብራት ሄደ፣ ስልኬ ላይ 30 ፐርሰንት ቀርቶኛል፣ ኔትወርክ የለም፣ የወረደ ነገር ብቻ ነው ሚሰማው፣ እና እጄ ሄዶ ያረፈው እንደተለመደው ፎርኤቨር ቼንጅስ ላይ። የላቭ አልበም ነው፣ የሎስ አንጀለሶቹ ባንድ፣ ኖቬምበር 1967 የወጣው። 11 ዘፈን ነው፣ ተደምሮ 43 ደቂቃ አይሞላም። ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁትና እንቅልፌ ጠፋ። ስንት ዓመቴ እሱን ስሰማ፣ አሁንም እንደ አዲስ ነው ሚይዘኝ። ይሄ ነገር ለምንድነው ማይሰለቸው?

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ስሰማው ጠልቼው ነበር። ጓደኛዬ በፍላሽ ሲሰጠኝ «ሳይኬደሊክ ፎልክ ሮክ ነው» ስላለኝ እኔ የጠበቅኩት የሚያጓራ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ጭስ ምናምን ነበር። የመጣው ቦክስ ጊታርና ቫዮሊን፣ ከላዩ ደግሞ ጥሩምባ። ትልቅ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ በዝግታ የሚከፈት ነገር መሰለኝና ዘጋሁት። ከወር በኋላ ሰሃን እያጠብኩ ሌላ ነገር ከፍቼ ተራው ደርሶ «ሊቭ ኤንድ ሌት ሊቭ» የሚለው ዘፈን ጀመረ። ዜማው እንዴት እንደሚያምር! እና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ንፍጡ ሱሪዬ ላይ ደርቆ ክሪስታል ሆነ። ሰሃኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። በዚህ ዜማ ማነው ንፍጥ ሚዘፍነው? ከዛ ወደ ኋላ እየመለስኩ ግጥሙን አንድ በአንድ መስማት ጀመርኩና ገባኝ፣ ሰውየው ልሞት ነው ብሎ ነው የሚያወራው። የባንዱ መሪና ዘፋኝ አርተር ሊ ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ብዙም አልቆይም፣ ይሄ የመጨረሻ ቃሌ ነው ብሎ እንደሠራው ራሱ በኋላ ተናግሯል። ኑዛዜ እንዴት እንዲህ ጣፍጦ ይወጣል?

የናንተን ልስማ።

ቀልቤ፦
1967 ስትል እድገት በኅብረት ሊዘምቱ ነው ብዬ ነበር ሃሃሃ። በፈረንጅ በል እንጂ አባቴ።

የሸክላው ልጅ፦
በፈረንጅ ነው ይቅርታ ሃሃ። በኛ 1960 መሆኑ ነው።

ሌሊት ሹፌር፦
ኧረ ይሄን ክር የከፈተ ይባረክ። እኔ እዚሁ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ነኝ፣ ማታ ማታ ኡበር ነው ምነዳው፣ ሰንሴት ጎዳና ላይ በሳምንት ስንቴ እንደምመላለስ አትጠይቁኝ። ሸክላው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚመጣው ስሙ ተነግሮ የማያልቀው ዘፈን አለ አይደል፣ «ሜይቢ ዘ ፒፕል ዉድ ቢ ዘ ታይምስ ኦር ቢትዊን ክላርክ ኤንድ ሂልዴል»፣ ክላርክና ሂልዴል እኮ መንገዶች ናቸው፣ ሰንሴትን የሚያቋርጡ። ዊስኪ አ ጎ ጎ የሚባለው ክለብ ክላርክ ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ዛሬም ባንድ ይጫወትበታል። ከአንዱ መንገድ እስከ ሌላው በእግር ብትሄዱ አንድ ሲጋራ አያስጨርስም። ላቭ ያኔ እዛ ሰፈር ንጉሥ ነበሩ።

ዓርብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ቡና ቤቱ ሁሉ ይዘጋና ሰው መንገድ ላይ ይፈሳል። ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሄድ አለች፣ የጊታር ቦርሳ ተሸክሞ አጥሩን ተደግፎ የሚያንቀላፋ አለ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ በስልኩ መብራት ታርጋ የሚፈልግ አለ። የመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን በደንብ የሰማሁት እንደዛ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው፣ እና እላችኋለሁ ሰውየው የሚያወራው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ሲሰበሰብ ሙዚቃው ሲጮህ፣ እሱ ከሰው መሃል ሲጠፋ።

ደግሞ አንድ ተንኮል አለችበት። እያንዳንዱ አንጓ መጨረሻ ላይ የመጨረሻዋን ቃል ይውጣታል፣ አፍህ ላይ ደርሳ አንተ ልትሞላለት ስትል ሙዚቃው ይገባል፣ ከዛ ያቺው ቃል የሚቀጥለው አንጓ መጀመሪያ ሆና ብቅ ትላለች። እኔ ይሄን እስካውቀው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ሆነ ብሎ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

ያለፈበት፦
እኔ ደስታችሁን ልረብሽ ነው። ይሄ አልበም ሲወጣ ማንም አልገዛውም። አሜሪካ ውስጥ ቻርቱ ላይ 154ኛ። መቶ ሃምሳ አራት! ከዛ የሙዚቃ ጸሐፊዎች አነሱትና በየዓመቱ በየሊስቱ ይጨምሩታል፣ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት 2003 ላይ 40ኛ አድርጎታል፣ ሰው ደግሞ ሊስቱን አይቶ ይሰማና «ዋው» ይላል። ሰው ያልገዛውን ጸሐፊ ሲያነግሠው እኔ አይመቸኝም። ድምፁም ቢሆን፣ አርተር ሊ ይዘፍናል ወይስ ያንሾካሹካል?

የሸክላው ልጅ፦
@ያለፈበት 154ኛ ያልከው ልክ ነህ፣ ግን እንግሊዝ 24ኛ ገብቷል እኮ፣ እሱን ለምን ዘለልከው? አሜሪካ ያልተሸጠው ደግሞ ሙዚቃው ስለማይረባ አይደለም። እነዚህ ልጆች ከኤልኤ አንወጣም ብለው እምቢ አሉ። ዙረው አልተጫወቱም። ያኔ ደግሞ ቲክቶክ የለ፣ ከተማ ለከተማ ካልዞርክ ማን ያውቅሃል።

ሚያናድደው ምን መሰለህ። ኤሌክትራ፣ ሸክላቸውን ያሳተመው፣ የፎልክ ሙዚቃ ኩባንያ ነበር፣ መጀመሪያ ያስፈረሙት የሮክ ባንድ ላቭን ነው። ከዛ አርተር ሊ ራሱ የኩባንያውን ባለቤት ጃክ ሆልዝማንን እዛው ዊስኪ ቤት ውስጥ «ቆይና እነዚህን ልጆች ስማቸው» ብሎ ዶርስ የሚባለውን ባንድ፣ «በሮቹ» ማለት ነው፣ አሳየው። ዶርስ ፈረሙ፣ ዞሩ፣ ተሸጡ፣ ዓለም አወቃቸው። ለበሮቹ በር ከፍቶ ራሱ ደጅ ቀረ።

ማህደር፦
«ለበሮቹ በር ከፍቶ ደጅ ቀረ» ሃሃሃሃ ይሄን ሰርቄዋለሁ

ጥሩምባ ነፊው፦
ስለ ጥሩምባው ማንም ሳይናገር ላልፍ አልችልም። እኔ አዲስ አበባ ማታ ቤት ውስጥ ነው ምጫወተው፣ ትራምፔት፣ አስራ ምናምን ዓመቴ።

የመጀመሪያው ዘፈን «አሎን አጌይን ኦር» ሲጀምር ጊታር ብቻውን ነው፣ በጣት፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደውም ሰው ድምፅ ይጨምራል አልሰማም ብሎ። ጨምረህ ስትጠብቅ ሁሉም ባንዴ ይገባብሃል። ከዛ መሃል ላይ ጥሩምባው ይመጣል፣ የማሪያቺ፣ የሜክሲኮ ባንዶች ነገር፣ የኮርማ ፍልሚያ የሚከፈትበት ዓይነት። አንድ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ለብቻዬ ልሞክረው አልኩ። ኖታው ቀላል ነው ልጅ ይጫወተዋል፣ ግን ሞከርኩ አልመጣም፣ ሞከርኩ አልመጣም። እኔ የለመድኩት ድምፁን ማንቀጥቀጥ፣ ማባበል፣ ትንሽ ማልቀስ ነው፣ የኛ ጨዋታ እሱን ይፈልጋል። ይሄኛው ግን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፣ እንደ ወታደር። ባዘነ ዘፈን ላይ የማያዝን ጥሩምባ። የባንዱ መሪ ከበር ቆሞ ሰምቶኝ «ምንድነው ሰልፍ አለ እንዴ ነገ» አለኝ።

ቅንብሩን የጻፈው ዴቪድ ኤንጅል ነው። አርተር ሊ ኖታ አይጽፍም፣ ቫዮሊኑ ይሄን ጥሩምባው ይሄን እያለ በአፉ እየዘፈነለት ነው ኤንጅል ወረቀት ላይ ያሰፈረው። ለዛ ይመስለኛል ቅንብሩ ከዘፈኑ የማይለየው። ብዙ የዛ ዘመን አልበም ላይ ቫዮሊኑ እንደ ኬክ ክሬም ከላይ የተቀባ ነው፣ ብታነሳው ከስር ያለው ዘፈን አይጎድልበትም። ይሄን ግን ጥሩምባውን አውጣና ስማው፣ ጥርሱ የወለቀ ሰው ነው ሚሆነው።

ቢንያም የቤዙ፦
አርተር ሊ «አሎን አጌይን ኦር»ን ሲጽፈው የኮርማ ፍልሚያ አይቶ ነው እንዴ? ስፓኒሽ ስፓኒሽ የሚለው

ጥሩምባ ነፊው፦
@ቢንያም የቤዙ እሱ አይደለም የጻፈው ወንድሜ። ብራያን ማክሊን ነው፣ የባንዱ ሁለተኛው ዘፈን ጸሐፊ፣ ሊ ጋር ከመግባቱ በፊት ዘ ባይርድስ የሚባለውን ባንድ ዕቃ ይሸከም የነበረ። እናቱ ፍላሜንኮ፣ የስፔኑን ጭፈራ፣ ትደንስ ነበር፣ ስፓኒሹ ከዛ ነው። «ኦልድ ማን»ም የሱ ነው፣ የቀሩት ዘጠኙ የሊ። ማክሊን የጻፈውን ራሱ ነው የዘፈነው ግን ቅጂው ሚክስ ሲደረግ የሱ ድምፅ ወርዶ የሊ ሁለተኛ ድምፅ ከላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ካወቅከው በኋላ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ትሰማቸዋለህ፣ አንዱ ስለራሱ ሊናገር ይሞክራል ሌላው ከላዩ ያወራበታል። እኔ ግን ይሄ ስህተቱ ዘፈኑን ያሳመረው ይመስለኛል፣ ብቸኝነት በሁለት ሰው ሲዘፈን።

ቢንያም የቤዙ፦
አሃ። አመሰግናለሁ። ርዕሱስ ግን «ብቻዬን እንደገና ወይም» ብሎ ይቆማል? ወይም ምን?

ጥሩምባ ነፊው፦
ወይም።

ማህደር፦
ሁላችሁም ስለ ዜማው እያወራችሁ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን «ዘ ሬድ ቴሌፎን» ነው። እስቲ ግጥሙን ከዘመኑ ጋር አያይዙት። 1967 ሰመር ማለት ያ «የፍቅር ክረምት» የሚባለው ነው፣ ወጣቱ አበባ ጸጉሩ ላይ ሰክቶ ዓለም ሊለወጥ ነው የሚልበት። እነዚህ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሆሊውድ ሰንሴት ሳውንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው እየቀዱ ነው። ስማቸው ላቭ ነው፣ ጸጉራቸው ረጅም ነው፣ ሁሉም ነገር ይሟላል። እና ሰውየው የሚዘፍነው ምንድነው፣ ኮረብታ ላይ ተቀምጬ ሰዎች ሲሞቱ አያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰርግ ቤት ነው እሱ ለቅሶ ተቀምጧል። ሌላው «ኤ ሃውስ ኢዝ ናት ኤ ሞቴል» ላይ ውሃው ደም ሆኗል ካላመናችሁ ገንዳችሁን ክፈቱና እዩት ይላል፣ ቬትናም ላይ ጦርነቱ እየነደደ። ሌላው ሰው በ67 ያላየውን አየ ብዬ ነቢይ ላደርገው አልፈልግም፣ ግን አልሸነገለም። ለዛ ነው ሌሎቹ የዛ ክረምት አልበሞች ዛሬ ስትሰሚያቸው እንደ ድሮ ፎቶ ከንፈር የሚያስመጥጡት፣ ይሄኛው ግን አያስመጥጥም።

ከዛ ደግሞ «ሬድ ቴሌፎን» መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ያልቅና እንደ ልጆች ጨዋታ ዓይነት ዜማ ይጀምራል፣ ዛሬ እየቆለፉባቸው ነው ቁልፉንም እየጣሉት፣ ነገ ማን ይሆን አንተ ወይስ እኔ። 1967። 1996 ላይ አርተር ሊ ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ክስ ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ዓመት ተፈረደበት። ያ ሦስት ጊዜ ካጠፋህ የሚባለው ሕግ፣ የበፊት ጥፋት ስላለበት ቅጣቱ የሚከብደው። 2001 ዲሴምበር ላይ ወጣ። እኔ ያቺን መጨረሻ ይሄን ካወቅኩ በኋላ በሄድፎን መስማት አልችልም፣ በስፒከር ነው ምሰማት፣ ራቅ ብላ።

ሌሊት ሹፌር፦
@ማህደር የኔ እህት ይሄን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ጥግ ይዤ ቆሜ ጨረስኩት።

ሰምና ወርቁ፦
እኔ ሚገርመኝ ይሄን እንደ አዲስ ነገር ማየታችን ነው። ላዩ ማር ውስጡ እሬት። ሰምና ወርቅ ማለት እኮ ይሄው ነው።

ያለፈበት፦
መጣ! ሰምና ወርቅ መጣ! ስንተኛው ኮሜንት ላይ ይመጣል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ፈረንጅ ሁለት ትርጉም ያለው ነገር በተናገረ ቁጥር ሰምና ወርቅ ነው ብለን እንወስድበታለን፣ ነገ ዶናት ቀዳዳ አለው ሰምና ወርቅ ነው ልትሉ ነው።

ሰምና ወርቁ፦
ዩዘርኔሜን አየኸው? ምን ልል ጠበቅክ?

ጥሩምባ ነፊው፦
በዚህ እንኳን ከያለፈበት ጋር ነኝ። ሰምና ወርቅ ሲሆን ወርቁ ተደብቆ ነው ትፈልገዋለህ። አርተር ሊ ምንም አልደበቀም፣ ሞት ሞት ነው ሚለው ፊት ለፊት። የተደበቀው አንተ ዜማውን እየሰማህ ግጥሙን ስለማትሰማ ነው። ትዝታ ይሻላል ካላችሁ ትዝታ፣ እሱም ቢሆን አይገጥምም፣ ትዝታ ያለፈ ነገር ይፈልጋል፣ ይሄ ልጅ የሚናፍቀው ገና ያላለፈውን ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ በዕድሜ ከናንተ ስለማልፍ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን ተማሪ ነበርኩ። የአሜሪካ ሸክላ ወደኛ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፣ አንድም አስመራ ቃኘው ካለው ጦር ሰፈር ነው፣ አንድም የፒስ ኮር አስተማሪዎች ሻንጣ ውስጥ ነው። ጄምስ ብራውን መጣ፣ ሬይ ቻርልስ መጣ፣ ቢትልስ መጣ። ይህ ላቭ የምትሉት ግን አልመጣም፣ ስሙንም አልሰማንም። አሁን ከላይ ሳነብ ከኤልኤ አንወጣም ብለው ነው አላችሁ፣ እንዲያ ከሆነ ፒያሳ ሊደርሱ ኖሯል እንዴ።

እኔ ያወቅኋቸው ለንደን ያለው ልጄ የኮንሰርት ዲቪዲ ልኮልኝ ነው። አርተር ሊ ከእስር ከወጣ በኋላ፣ ጃንዋሪ 2003 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ውስጥ ይህንኑ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጫወተበት ነው። ከኋላው የስዊድን ልጆች ቫዮሊንና ጥሩምባ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አልበሙ ሲወጣ አንዳቸውም የተወለዱ አይመስሉም። ሰውየው 57 ዓመቱ ነው። እናንተ ልሞት ነው ብሎ በ22 ዓመቱ ጻፈው እያላችሁ ነው የምታወሩት፣ እኔ ያየሁት ግን ከ35 ዓመት በኋላ ያንኑ ኑዛዜ ፈገግ እያለ የሚያነብ ሰው ነው። ሞት ቀጥሮት የቀረ ሰው ይመስላል። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኦገስት 2006፣ በደም ካንሰር ሞተ፣ በተወለደበት ሜምፊስ። ያኔ ቀጠሮው ተከበረ።

የሸክላው ልጅ፦
ጋሼ «ሞት ቀጥሮት የቀረ ሰው» ያሉትን ሦስቴ አነበብኩት። ዲቪዲው አሁንም አለዎት? ኮፒ የሚደረግበት መንገድ ካለ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ፣ ቡና ይዤ።

ጡረተኛው፦
አለ። ማጫወቻው ነው የተበላሸው።

ድራመር በትርፍ ጊዜ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሊቀዱ ሲገቡ ባንዱ በጣም ተበላሽቶ ነበር፣ ድራግም ስንፍናም። ፕሮዲዩሰሩ ብሩስ ቦትኒክ ነበር ከሊ ጋር፣ መጀመሪያ ዘፋኙ ኒል ያንግም አብሮ ሊሠራ ታስቦ ነበር በኋላ ተወው። ታዲያ ልጆቹ አልሆን ሲሉ ምን ተደረገ፣ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ተጠሩ፣ ያ ሬኪንግ ክሩ የሚባለው፣ ሃል ብሌይን ድራም ላይ ካሮል ኬይ ቤዝ ላይ። «አንድሞርአጌይን» እና «ዘ ዴይሊ ፕላኔት» የተቀዱት በነሱ ነው። የባንዱ ልጆች ቁጭ ብለው አዩ። አለቀሱ። ከዛ ነው የነቁት፣ የቀረውን ራሳቸው ተጫወቱት፣ እንዴት አድርገው!

ይሄ ታሪክ እኔን ለምን ያመኛል፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከአንድ ዘፋኝ ጋር ልቀዳ ገባሁ፣ የማንንም ስም አልጠራም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተጫወትኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ነጠላ ዜማው ሲወጣ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ ድራሙ የኮምፒውተር ነው። እኔን አውጥተው ሉፕ ከተቱ፣ ማንም አልነገረኝም። ከኋላ ወንበር ላይ ሰው መሃል ተጣብቄ የራሴን ቦታ ሌላ ነገር ሲመታው ሰማሁ። እና እኔ የላቭ ልጆች ሲያለቅሱ ይገባኛል። ልዩነቱ እነሱን ፊታቸው ላይ ነው ያደረጉባቸው፣ ቢያንስ ተነስተው መጫወት ቻሉ። የባንዱ ድራመር ማይክል ስቱዋርት «ኤ ሃውስ ኢዝ ናት ኤ ሞቴል» ላይ የሚመታውን ስሙ፣ በዛ ስሜት የተመታ ድራም ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር እርስ በርስ ሚናከሱት፣ አልበሙ አብዛኛው በቦክስ ጊታር የታፈነ ነው፣ እዛች ጋ ግን ጣሪያው ይነሳል።

ያለፈበት፦
እሺ እሱ ዘፈን ጥሩ ነው። ድራሙ ላይ እስማማለሁ። ሌላውን አልሰጣችሁም። ላንተም ወንድሜ፣ የተደረገብህ ነውር ነው።

ዶሮ ማነቂያ፦
እኔ ሼም የሆነ ነገር ላውራ? ሸክላውን ኦንላይን ገዛሁ፣ የድሮ ሳይሆን ዳግም የታተመውን። ሰው ከውጪ ሲመጣ አሳቅፌ አስመጣሁት። እያጫወትኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ዘ ጉድ ሂውመር ማን» የሚለው ዘፈን መጨረሻ ላይ ተቀረቀረ፣ ት ት ት ት እያለ ዘለለ። ሸክላው ተጭሯል ብዬ መርፌውን አጸዳሁ፣ ሸክላውን በፈሳሽ አጠብኩ፣ መርፌው ላይ ሳንቲም አስቀመጥኩ። ለሻጩ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፎቶ ሁሉ አያይዤ፣ እንዲህ ይደረጋል ወይ ምናምን። ሰውየው በትህትና የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፣ አልበሙ እንደዛ ነው፣ ሆነ ብለው ቴፑን ቆራርጠው ነው።

ቀልቤ፦
ሃሃሃሃሃሃ ሳንቲም!

ዶሮ ማነቂያ፦
ብር ከሃምሳ ሙሉ። አሁን እዛ ጋ ስደርስ አፍራለሁ።

ማህደር፦
ሽፋኑን ግን አላወራችሁም። ቦብ ፔፐር የሳለው፣ የአምስቱ ፊት እርስ በርስ ተጣብቆ በቀለም። ብዙ ሰው ልብ ነው ይላል፣ እኔ ግን ከሩቅ ሳየው የአፍሪካ ካርታ ነው ሚመስለኝ። አርተር ሊና ሊድ ጊታሪስቱ ጆኒ ኤኮልስ ጥቁሮች ናቸው፣ ሌሎቹ ነጭ፣ በ60ዎቹ አጋማሽ ፎልክ ሮክ ውስጥ እንደዛ ተቀላቅሎ የሚታይ ባንድ ጥቂት ነው። ጥቁር ከሆንክ ሶል ዝፈን ነው ሚባለው። ሊ ከጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ጋር ጓደኛ ነበር፣ ሄንድሪክስ ገና ሳይታወቅ ሊ የጻፈው ዘፈን ላይ ጊታር ተጫውቷል። ማንም የሰጠውን ሳጥን ውስጥ አልገባም ሰውየው፣ ምናልባት ሳጥን ስላልነበረው ነው ሬዲዮውም የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው።

አዲስ ጆሮ፦
ሰላም፣ እኔ ይሄን አልበም ሰምቼው አላውቅም፣ ከየቱ ልጀምር?

ቢንያም የቤዙ፦
ከአንደኛው። «አሎን አጌይን ኦር»። ሦስት ደቂቃ ምናምን ነው፣ አትጎዳም።

ድራመር በትርፍ ጊዜ፦
ከሁለተኛው።

የሸክላው ልጅ፦
ንፍጡ።

ጥሩምባ ነፊው፦
እኔ ከመጨረሻው ጀምር እላለሁ፣ ሰው ይሳቅብኝ። «ዩ ሴት ዘ ሲን»፣ 7 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው ሚቀረው። ሁለት ዘፈን የተሰፋ ነው፣ የመጀመሪያው ቤዙ እየጋለበ ሰው እያየ የሚታዘብ፣ ከዛ መሃል ላይ ሁሉም ረገብ ይልና ሌላ ዘፈን ይጀምራል፣ እና እዛ ነው፣ የምኖረው ጊዜና ሕይወት ይሄ ነው፣ እያንዳንዱን ቀን በፈገግታ እቀበለዋለሁ የሚለው፣ ቀሪው ጊዜዬ አጭር ነው እያለ። @የሸክላው ልጅ ከላይ ኑዛዜ ነው ብለሃል፣ እኔ አልስማማም። የሚናዘዝ ሰው ዕዳውን ይናገራል፣ ንብረቱን ያከፋፍላል። ይሄ ሰው ምንም አላከፋፈለም፣ እዚህ ነኝ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ጥሩምባዎቹ ከፍ እያሉ ከፍ እያሉ ሲሄዱ፣ ያኔ ነው ያ ቀጥ ያለ ድምፅ ለምን እንደሆነ የገባኝ። ለቀብር ቢሆን እንደዛ አይነፋም።

የሸክላው ልጅ፦
እህ። ዛሬ ማታ እንደዛ አድርጌ ልስማው። ኑዛዜ ያልኩትን ግን ገና አላነሳሁም፣ ጋሼም ቀጠሮ ብለዋል።

ጡረተኛው፦
እኔን አታስገቡኝ። እኔ ማጫወቻ ነው የምፈልገው።

ማህደር፦
በነገራችን ላይ፣ ለእንግሊዞቹ ፍቅር ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ 2002 ላይ የፓርላማ አባሎቻቸው አርተር ሊን የሚያሞግስ ሞሽን ፈርመዋል፣ ፓርላማ ውስጥ፣ ስለ አንድ አልበም። አሜሪካ ደግሞ ዘግይቶ ነቃ፣ ግራሚ ሆል ኦፍ ፌም የገባው 2008 ነው፣ ከዛም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ይቀመጥ ብሎ ከሚመርጣቸው ቅጂዎች አንዱ አደረገው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ሁሉም።

ያለፈበት፦
አየሽ፣ ሊስት ነው ያልኩሽ። (ትናንት ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። «አንድሞርአጌይን» አሁንም ያስተኛኛል። ግን ያ ክላርክና ሂልዴል የሚለው፣ ቃሏን ሲውጣት፣ ሻወር ውስጥ ሆኜ እኔ ስሞላለት ራሴን ያዝኩት። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።)

ሌሊት ሹፌር፦
ቅዳሜ ማታ ይሄን ክር አስቤ ሰንሴት ላይ ስደርስ አልበሙን ከፈትኩ፣ ሁለተኛውን ገጽ። ዊስኪ በር ላይ አንድ ጎረምሳ ጫንኩ፣ ባንድ ያለው ይመስላል፣ ጆሮው ሙሉ ቀለበት። ክላርክን አልፌ ሂልዴል መብራት ያዘኝ፣ ልክ ዘፈኑ እዛች ቃል ጋ ሲደርስ፣ እንዲህም አይገጥም ብዬ በመስታወት አየሁት። ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለና «ይሄ የሜክሲኮ ነው?» አለኝ። የዚህ ሰፈር ነው፣ ስለዚች ብሎክ ነው ሚዘፍነው አልኩት። መስኮቱን አውርዶ አየ፣ ሰው በሰው ነው፣ የሚያጨስ፣ የሚሳሳም፣ መኪና የሚጠራ። «ኤሲውን ብትከፍተውስ» አለኝ።

ቀልቤ፦
ሃሃሃ። @የሸክላው ልጅ መብራት መጣልህ ግን?

የሸክላው ልጅ፦
መጥቶ ሄደ።